ለእኛም ጸለያችሁ?

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ እሁድ ጠዋት ያልኩት «አሜን» እስካሁን አልለቀቀኝም።

የምርጫ ሰሞን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። መዝሙር ተዘመረ፣ ቃል ተነበበ፣ ከዚያ ሰባኪያችን ለጸሎት ቆሙ። ለታመሙት ጸለዩ፤ አሜን አልን። ሥራ ላጡት ጸለዩ፤ አሜን አልን። ቀጥሎ ድምፃቸው ከፍ አለ። የአንድ ፓርቲ ስም ጠርተው እግዚአብሔር ድሉን እንዲሰጠው ለመኑ። «ምድራችንን ሊወርሱ የተነሡትን በትናቸው» አሉ። እነማን እንደሆኑ አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለጋቸውም። የሌላውን ሃይማኖት ተከታዮች ማለታቸው እንደሆነ እዚያ ለተቀመጠ ሁሉ ገብቶታል። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ።

እኔም አልኩ።

ሳላስበው አመለጠኝ ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ግን እውነት አይደለም። ቃሉን ሰምቼዋለሁ። ደረቴን የሆነ ነገር ጫን ሲለውም ታውቆኛል። ሰው ሁሉ አሜን ሲል ዝም ማለት ከባድ ነው። ዝም ያለ ሰው ይታያል። ግራና ቀኜ የተቀመጡት ደግሞ የማውቃቸውና የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። እናም አልኩት።

ወደ ቤት ስመለስ የጎረቤቴ በር እንደወትሮው ገርበብ ብሎ ነበር። ሙስሊም ናቸው። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፤ «እማማ» ነው የምላቸው። የቤቴ ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ጋ ይቀመጣል። እናቴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሦስት ሌሊት ከአልጋዋ ሥር ያልተለዩት እሳቸው ናቸው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄ፣ ለእኛም ጸለያችሁ?» ይሉኛል። እኔም «እንዴታ እማማ» እላለሁ። ከሰላምታችን እንደ አንዱ ሆኗል።

በዚያ ቀንም ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩና ቶሎ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። አልዋሸሁም እንዳልል ዋሽቻለሁ፤ ዋሸሁ እንዳልል ስለ እሳቸው ተጸልዮአል። እንዲበተኑ ነው የተጸለየው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ለማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። እንደኛ ያለ ተራ ምዕመን፣ ክፉ ያልሆነ፣ ለታመመ የሚያለቅስ፣ እንዴት ብሎ ነው እዚህ የሚደርሰው? (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ 1933ቷ ጀርመን ነው። ያኔ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፕሮቴስታንት፣ አንድ ሦስተኛው ገደማ ካቶሊክ ነበር። ክርስትና ያልደረሰበት አገር አልነበረም። በፕሮቴስታንቶቹ መካከል «የጀርመን ክርስቲያኖች» የሚባል ቡድን ተነሣ። ከውጭ ሰርጎ የገባ አይደለም። ፓስተሮች ነበሩበት፤ የነገረ መለኮት መምህራንም ነበሩበት። በጁላይ 1933 የቤተ ክርስቲያን ምርጫ ሲደረግ ሂትለር ራሱ በዋዜማው በራዲዮ ቀርቦ ደገፋቸው። ከመራጩ ምዕመን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለእነሱ ድምፅ ሰጠ። ሴፕቴምበር ላይ የፕሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የአይሁድ ዘር ያለበት ሰው አገልጋይ እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ አጸደቀ። ኖቬምበር 13 ቀን ደግሞ በርሊን ውስጥ 20 ሺህ ያህል ሰው በተሰበሰበበት ትልቅ አዳራሽ ከቡድኑ መሪዎች አንዱ ተነሥቶ ብሉይ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ አለ። የአይሁድ መጽሐፍ ነው ብሎ። ተጨበጨበለት።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌ እቆማለሁ። ኢየሱስ በምኩራብ ቆሞ ያነበበው እኮ ያንኑ መጽሐፍ ነው። በመስቀል ላይ ሆኖ የጮኸው የዚያኑ መጽሐፍ መዝሙር ነው። እነዚህ ሰዎች እምነታቸውን ለማስከበር ብለው ተነሥተው የእምነታቸውን መሠረት ሊያወጡ ደረሱ። ከአንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ማለት ነው።

ደግነቱ ሁሉም አላጨበጨበም። ማርቲን ኒሞለር የሚባል ፓስተር የአይሁድ ዘር ያለባቸውን አገልጋዮች ለመከላከል ሌሎች ፓስተሮችን አሰባሰበ። ይህ ሰው መጀመሪያ ላይ የሂትለር ደጋፊ ነበር። ድምፅም ሰጥቶታል። ስለዚህ ነው ታሪኩ የሚገባኝ፤ አንዴ አሜን ብሎ የነበረ ሰው ነው። በ1937 ታሰረና ጦርነቱ እስኪያልቅ በማጎሪያ ካምፕ ቆየ። በሜይ 1934 ደግሞ ባርመን በምትባል ከተማ ተቃዋሚዎቹ ተሰብስበው አንድ መግለጫ አወጡ። አብዛኛውን የጻፈው የስዊሱ የነገረ መለኮት ምሁር ካርል ባርት ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሰማው አንድ ጌታ ብቻ ነው። መንግሥት የሰውን ሕይወት በሙሉ ልምራ ማለት የለበትም። ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥት አንድ ክንፍ መሆን የለባትም።

ደፋር መግለጫ ነው፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ብሎ መፈረም ቀላል አልነበረም። ግን ስለ አይሁዶች አንድም ቃል የለበትም። ባርት ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን እንደ ራሱ ጥፋት ቆጥሮታል። ወጣቱ ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር ግን ከባርመን አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በኤፕሪል 1933፣ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ተጎጂ ለሆነ ሰው ሁሉ ግዴታ አለባት ብሎ ጽፎ ነበር። የተጠመቀ ባይሆንም እንኳ። ይህን ሐሳብ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ቦንሆፈር ኤፕሪል 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ካምፕ ተሰቀለ። ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ባርመንን ሳነብ የእማማ ጥያቄ ነው የሚመጣብኝ። ለእኛም ጸለያችሁ? እነዚያ ደፋር ሰዎች ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ነጻነት ጮኹ። ከግድግዳው ማዶ ያለውን ጎረቤት ግን ዘነጉት።

ከጀርመን በላይ እንቅልፍ የነሣኝ የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ነው። አጀማመሩ በጣም ትንሽ ነበር። በ1857 የኔዘርላንድስ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተቀመጠ። አንዳንድ ነጮች ከጥቁር ወንድሞቻቸው ጋር አብረው ለመቁረብ አልወደዱም። ጉባኤው ምን አለ? አብሮ ማምለክ ትክክለኛውና መጽሐፍ ቅዱሳዊው መንገድ እንደሆነ አመነ። ሆኖም «በአንዳንዶች ድካም ምክንያት» ተለይቶ ማምለክ ይቻላል ብሎ ፈቀደ። ድካም! ስህተት መሆኑን እያወቁ፣ ለጊዜው፣ ለሰላም ሲባል። በኋላ ግን ለየብቻ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። ድካም የተባለው ነገር ልማድ ሆነ፤ ልማዱ ትምህርት ሆነ። በ1948 የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ጥቅስ የሚያዘጋጁለት የነገረ መለኮት ሰዎች ቀድመው ተገኝተዋል።

ማርች 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰዎችን ገደለ። ያኔ ቤየርስ ናውዴ የሚባል ፓስተር የተማረው ሁሉ ተናጋበት። የአገሩን ነጮች ፖለቲካ ከጀርባ ይመራ የነበረ የምሥጢር ማኅበር አባል ነበር። አባቱ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ናቸው። በ1963 ማኅበሩን ተወ፤ ምስባኩንም አጣ። የገዛ ወገኖቹ ከሃዲ አሉት። በ1977 መንግሥት የእገዳ ትእዛዝ አወጣበት። ለሰባት ዓመት ያህል በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማነጋገር ተከለከለ። ለሰባኪ ከዚህ የባሰ ምን ቅጣት አለ? በኖቬምበር 1990 ሩስተንበርግ በተደረገ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ ቪሊ ዮንከር የተባሉ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ምሁር ቆመው ስለ ራሳቸውም ስለ ቤተ ክርስቲያናቸውም ኃጢአታቸውን ተናዘዙ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ተነሥተው ይቅርታውን ተቀበሉ። ከ1857 እስከ 1990፣ 133 ዓመት። ሁሉም የተጀመረው አብረን አንቆርብም ባሉ ጥቂት ሰዎች ነው።

ስለ ሩዋንዳ ብዙ መጻፍ አልችልም። በ1994፣ አብዛኛው ሕዝብ አማኝ በሆነባት በዚያች አገር፣ 800 ሺህ ያህል ሰው ተጨፍጭፎ አለቀ። ንታራማና ኒያማታ ሰዎች ለመዳን የሸሹባቸው አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ዛሬ የመታሰቢያ ቦታዎች ሆነዋል። በኒያንጌ ቤተ ክርስቲያኑ በቡልዶዘር በውስጡ በተሸሸጉት ላይ ተደርምሷል፤ የደብሩ ቄስ ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። ከጭፍጨፋው በፊት ደግሞ የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ሆነው ተቀምጠው ነበር። በዚያች አገር በቁጥር አነስተኛ የሆኑት ሙስሊሞች ብዙ ሰዎችን በቤታቸውና በመስጊዳቸው ሸሽገው አትርፈዋል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የኛ ቤተ ክርስቲያን ሩዋንዳ አይደለችም። ማጋነን አልፈልግም። ግን ከዚያ እሁድ በፊት የነበሩትን ወራት ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስብ መንገዱ ይታየኛል።

መጀመሪያ «ለአገራችን እንጸልይ» ነበር። ማን ይቃወማል? እኔም ደስ ብሎኝ ጸልያለሁ። ቀጥሎ «አማኝ መሪ እንዲሰጠን» ሆነ። ይሄም መልካም ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ስብከቱ ውስጥ ወሬ መግባት ጀመረ። እዚህ ቦታ እንዲህ ተደረገ፣ እዚያ እንዲህ ሊደረግ ታስቧል። ከየት እንደተሰማ የሚጠይቅ የለም፤ ብዙው በስልክ የተላለፈ ቪዲዮ ነው። ከዚያ «እኛ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ጠበበ። ድሮ «እኛ» ማለት ኃጢአተኞች፣ ምሕረት የሚያስፈልገን ማለት ነበር። አሁን «እኛ» ማለት የተበደልነው፣ መብታችን የተነካው ሆነ። የንስሓ ጸሎት እያጠረ ሄደ። የራሳችንን ኃጢአት ለመናዘዝ ጊዜ አልተረፈንም፤ የሌላው ኃጢአት ሰዓቱን ወሰደው። በመጨረሻ የፓርቲው ስም ተጠራ። ያ ቀን ሲደርስ ለአሜን ተዘጋጅተን ነበር።

አንድም ቀን «ጥላ» የተባልነው ነገር የለም። ፍሩ ነው የተባልነው። ፍርሃት ደግሞ የእምነትን ልብስ በቀላሉ ይለብሳል። ለልጆችህ አስብ፣ ለቤተ ክርስቲያንህ አስብ ሲሉህ ፍቅር ይመስላል።

ፖለቲካ ራሱ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ያናድደኛል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ፓስተር ነበሩ። ዴዝሞንድ ቱቱ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ። ሁለቱም በምስባክ ላይ ሆነው ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ተናግረዋል። ዝም ቢሉ ኖሮ ነበር ኃጢአት የሚሆንባቸው። ታዲያ በእነሱና በኛ ሰባኪ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሳምንታት ይዤው ዞርኩ። አሁን የሚመስለኝ እንዲህ ነው። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት ፍትሕ ለሌላውም የሚበቃ ነበር። ቱቱ ነጮች ይባረሩ አላሉም፤ ነጮችም ከአፓርታይድ ነጻ ይወጣሉ ነበር የሚሉት። እኛ የጸለይነው ሌላው ካልወደቀ የማይመለስ ጸሎት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፖለቲካ ሰጥቶ መቀበል ነው። አንተ ይህን ተው፣ እኔ ያንን ልተው ተባብሎ መስማማት ነው። በግብር ልንከራከር እንችላለን፤ በመሬት፣ በትምህርት፣ በድንበር ልንከራከር እንችላለን። ዛሬ የተሸነፈ ነገ ያሸንፋል። የእግዚአብሔር ስም አንዱ ወገን ላይ ሲለጠፍ ግን ይህ ሁሉ ይቆማል። ተቃዋሚ ጠላት ይሆናል፤ መስማማት ክህደት ይሆናል። ምርጫ መሸነፍ ደግሞ የእግዚአብሔር መሸነፍ ይመስላል። ያን ማን ይቀበላል? ፓርቲው ሲዋሽ ወይም ሲሰርቅ ውሸቱና ስርቆቱም በእግዚአብሔር ስም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ «ይህ ከሆነ እምነቱ ይቅርብኝ» ብሎ ቢወጣ አልፈርድበትም።

«ሴኩላር»፣ ማለትም መንግሥትን ከሃይማኖት የሚለይ፣ የሚለው ቃል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነሣ የብዙዎቻችን ፊት ይጠቁራል። እግዚአብሔርን ከሕዝብ መካከል ማስወጣት ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ይለያዩ ብለው አጥብቀው ከተከራከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሮጀር ዊሊያምስ ነው። እሳት የላሰ አማኝ ነበር። ማሳቹሴትስ የሚገዙት የራሱ የእምነት ሰዎች አባረሩት፤ በ1636 ፕሮቪደንስ የምትባል ሰፈራ መሠረተ። እዚያ ሰው በእምነቱ ምክንያት አይከሰስም። በ1644 ሲጽፍ ቤተ ክርስቲያንን በአትክልት ስፍራ፣ ዓለምን በዱር መሰላት። በመካከላቸው ያለው አጥር ሲፈርስ የሚጎዳው አትክልቱ ነው አለ። ለዱሩ አይደለም የተጨነቀው።

በ1802 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መካከል ስላለው ግንብ የጻፉት ደብዳቤም የተላከው ለባፕቲስቶች ነው። በኮነቲከት ግዛት በቁጥር ትንሽ ነበሩ። በግዛቷ ሌላ መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ የነሱ ነጻነት እንደ ችሮታ ነበር የሚታየው። መብት ነው ወይስ ችሮታ ብለው ነው የጻፉት። ችሮታ የሰጠ ነገ ይነሣል። ይህን የሚያውቀው በቁጥር ያነሰ ሰው ነው። እኛ እዚህ ብዙ ስለሆንን አይታየንም። ሌላ አገር ላይ ግን የኛው ወንድሞች ጥቂት ናቸው፤ እዚያ ሴኩላር መንግሥት እንዲኖር ይለምናሉ። ለእነሱ የምንመኘውን ለእማማ ብንነፍግ ምን ይባላል?

መንግሥት በሌላኛው ጫፍ ሲሄድም አይቻለሁ፤ በንባብ ማለቴ ነው። አልባኒያ በ1967 አብያተ ክርስቲያናትንም መስጊዶችንም ዘጋች። ሃይማኖት የሌለበት አገር ነኝ አለች። ቄስም ኢማምም ታሰረ። ይሄ ሴኩላር አይደለም፤ መንግሥት ራሱ ሃይማኖት ሲሆን ነው። እኔ የምፈልገው መንግሥት ስለ ነፍሴ ምንም የማይል፣ ስለ ደኅንነቴ ግን ከእማማ ደኅንነት እኩል የሚጨነቅ ነው።

ተስፋ የሰጡኝ ሰዎችም አሉ። ናይጄሪያ ካዱና ውስጥ ፓስተር ጄምስ ዉዬና ኢማም ሙሐመድ አሻፋ ይኖራሉ። ሁለቱም በወጣትነታቸው የታጠቁ ቡድኖች ውስጥ ነበሩ፤ በተቃራኒ ወገን። በ1992ቱ ግጭት ፓስተሩ ቀኝ እጃቸውን አጡ። ኢማሙ የመንፈስ መምህራቸውንና ሁለት ዘመዶቻቸውን አጡ። እያንዳንዳቸው ለዓመታት በቀልን ይመኙ ነበር። ኢማሙን የመለሳቸው በመስጊድ የሰሙት ስለ ይቅርታ የተሰበከ ስብከት ነው። ፓስተሩ ግን ቶሎ አላመኑም፤ መተማመኑ ዓመታት ወስዷል። በ1995 አብረው የሽምግልና ማዕከል መሠረቱ። እስካሁን ሌሎችን ያስታርቃሉ። ሁለቱም እምነታቸውን አልተዉም። አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ እምነት ማምጣት አሁንም ይፈልጋል፤ ይህንንም አይደብቁም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። አብሮ ለመኖር እምነትን ማለስለስ አያስፈልግም ማለት ነው።

በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ደግሞ ክርስቲያን ነን የሚሉ ታጣቂዎች ሙስሊሞችን ሲያሳድዱ፣ በ2013 መጨረሻ ዋና ከተማዋ ባንጊ ስትታመስ፣ ኢማም ኦማር ኮቢን ላያማ ከነቤተሰባቸው የተጠለሉት በሊቀ ጳጳሱ መኖሪያ ነው። ሊቀ ጳጳሱ ዲዩዶኔ ንዛፓላይንጋ ናቸው፤ በኋላ ካርዲናል ሆነዋል። ከወንጌላውያኑ መሪ ፓስተር ኒኮላ ጌሬኮያሜ ጋር ሦስቱ አብረው በየመንደሩ ዞሩ። ይህ ጦርነት የሃይማኖት አይደለም አሉ። ካርዲናሉ በስሙ እየተገደለበት ያለውን የራሳቸውን ወገን ነው የገሠጹት። ሌላውን መገሠጽ ቀላል ነው። በየሳምንቱ እናደርገዋለን።

እኔ እንደነሱ ደፋር አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያኔን ለመተው አስቤ ነበር። የተጠመቅኩባት፣ የእናቴ ሽኝት የተደረገባት ናት። ወጥቼ ብሄድ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አሜን የማይል አንድ ሰው ይቀንሳል እንጂ ጸሎቱ አይለወጥም። ስለዚህ ከአራት ሳምንት በኋላ ሰባኪያችንን ላናግራቸው ሄድኩ።

በደንብ ተቀበሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል። እናቴን ሆስፒታል ድረስ መጥተው የጸለዩላት እሳቸው ናቸው። የሆዴን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ሕዝቡ ፈርቷል። እረኛ ነኝ፤ ስለ ፍርሃቱ ካልተናገርኩለት ሌላ የሚናገርለት ይፈልጋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጠንከር ያለ ስብከት የሚሰጥ ሌላ ቦታ ሞልቷል፤ ስልኩ ውስጥም አለ። ምዕመን ይሄዳል። ያንን ጭንቀት ተሸክመው እንደሚያድሩ ያን ቀን ነው የገባኝ።

«አባ፣ እማማ ከኛ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቢሆን ያንን ጸሎት ይጸልዩት ነበር?» አልኳቸው። እማማን ያውቋቸዋል። ሆስፒታል ተገናኝተዋል።

አልመለሱልኝም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በሩ ድረስ ሸኙኝ። በቀጣዮቹ እሁዶች የፓርቲው ስም አልተጠራም። ይቅርታም አልተጠየቀም። ወሬው በምን እንደወጣ አላውቅም፤ አንዳንድ ሰዎች ሰላምታቸውን አሳጠሩብኝ። አንድ ወዳጄ «አንተ ከማን ወገን ነህ?» አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። ያመመኝም ለዚህ ነው።

እማማ ጋ ለመሄድ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ከበደኝ። አንድ ምሽት ገባሁ። ተቀመጥኩ። ያን እሁድ የተጸለየውን ነገርኳቸው። አሜን ማለቴንም፣ «አዎ» ብዬ ማለፌንም ነገርኳቸው። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

«አውቃለሁ» አሉ።

ግራ ገባኝ።

«ድምፅ ማጉያው እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል ልጄ። ሁሌም ይሰማል።»

ያን ቀን በሩን ገርበብ አድርገው የጠበቁኝ ሁሉን ሰምተው ነው። ጥያቄውንም የጠየቁኝ ሰምተው ነው። ምን ልበል? ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ሌላ ነገር አላሉም። ሲመሽ ተነሣሁ። ቁልፉን መልሰው ይሰጡኝ ይሆን ብዬ ነበር። አልሰጡኝም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሩ እንደወትሮው ገርበብ ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ ለእኛም ጸለያችሁ?»

«እኔ ጸልያለሁ እማማ» አልኳቸው።